ሲኒ ማጠብም ለልብ ይቆጠራል ወይ?

ከልብ በሽታ ነጻ የነበሩ 5,416 አሜሪካውያን ሴቶች፣ ዕድሜያቸው ከ63 እስከ 97 ዓመት የሆነ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ወገባቸው ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ታጥቀው ሰነበቱ። መሣሪያዋ የሰውነትን ንቅናቄ በየቅጽበቱ ትመዘግባለች። ተመራማሪዎቹ መዝገቡን የሚያነብ ኮምፒውተር አሠልጥነው የሴቶቹን ቀን በአምስት ከፈሉት፦ መቀመጥ፣ በመኪና ተቀምጦ መሄድ፣ ቆሞ መቆየት፣ መራመድ ወይም መሮጥ፤ አምስተኛው ደግሞ «የዕለት ኑሮ እንቅስቃሴ» ያሉት ነው። ልብስ መልበስ፣ ወጥ ማማሰል፣ ዕቃ ማጠብ፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን መመላለስ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሴቶቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ በቀን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲህ ሲንቀሳቀሱ የሚውሉት፣ ሁለት ሰዓት ከማይሞላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ43 በመቶ፣ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ62 በመቶ ያነሰ ነበር። ቁጥሮቹ እንዳሉ ይዋጡ አልልም፤ ለምን እንደማይዋጡ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ግን ተቀንሰው ቢነበቡ እንኳ አንድ ነገር ያስገድዱናል ብዬ አምናለሁ፦ የወር አበባዋ ላቆመ ሴት ልብ ትልቁ አደጋ ስፖርት አለመሥራቷ ሳይሆን ቁጭ ብላ መዋሏ ነው። በእኛ ባህል ደግሞ ቁጭ የምናደርጋት እኛው ነን፣ ያውም በክብር።

መጀመሪያ ሚዛኑ ከየት እንደመጣ እንይ። እንቅስቃሴና የልብ ሕመም ያላቸው ዝምድና በሰፊው መጠናት የጀመረው በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ነው። ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ቁጭ ብለው ከሚነዱት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚይዛቸው አሳዩ። የተጠኑት ግን ወንዶች ነበሩ። በ1980ዎቹ አስፕሪን ልብን ይጠብቅ እንደሆነ የተፈተነው በ22,071 አሜሪካውያን ሐኪሞች ላይ ነው፤ ከነዚያ ሁሉ አንዲት ሴት አልነበረችባቸውም። የልብ በሽታ የወንድ፣ በተለይም ቢሮ የሚውል ወንድ በሽታ ተደርጎ ስለታሰበ፣ መድኃኒቱም «ከሥራ በኋላ ስፖርት» ሆነ። ይህ አስተሳሰብ የተነቃነቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር በርናዲን ሂሊ እ.ኤ.አ. በ1991 «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» የተባለውን ጥናት ሲያስጀምሩ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ፣ የወር አበባቸው የቆመ 161,808 ሴቶች ተመዘገቡበት። ከእነዚህ ውስጥ 73,743ቱን የተከታተለ ቡድን በ2002 እንዳስታወቀው፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጠን ብለው የሚራመዱት ሴቶች ላብ የሚያስወጣ ስፖርት ከሚሠሩት ጋር ተቀራራቢ ጥቅም አግኝተዋል፤ በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ትልቅ ዜና ነው፤ ነገር ግን ያኔም መረጃው የተሰበሰበው በመጠይቅ ነው። ሰው በሳምንት ስንት ቀን እንደተራመደ ያስታውስ ይሆናል። ከጓዳ ወደ ሳሎን ስንቴ እንደተመላለሰች የምታስታውስ ሴት ግን የለችም፤ ያልታወሰ ደግሞ አይቆጠርም። ወገብ ላይ የታሰረችው መሣሪያ የቀየረችው ይህን ነው።

ከማረጥ በኋላ የሴት ልብ ለምን ለብቻው እንደሚጠና ባጭሩ ልግለጽ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የደም ቧንቧ ግድግዳ እንዲለጠጥ፣ ኮሌስትሮልም ልክ እንዲይዝ ያግዛል። የወር አበባ ሊቆም አካባቢ ይህ ሆርሞን ሲያሽቆለቁል መጥፎው ኮሌስትሮል ባጭር ጊዜ ከፍ ይላል፣ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ዕቃ ይዞራል፣ ቧንቧዎቹ ይደርቃሉ፣ ደም ግፊትም ይከተላል። በወጣትነት ከወንድ እኩያዋ ይልቅ ከልብ ሕመም የተጠበቀችው ሴት ከዚያ ወዲያ ልዩነቱን በፍጥነት ታጣለች። መንቀሳቀስ እዚህ ላይ የሚሠራው ቀላል በሆነ መንገድ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርና ስብ ከደም እየሳበ ያቃጥላል፤ ባት ሲኮማተር ደምን ወደ ላይ ይገፋል፤ በቧንቧ ውስጥ የሚፈስሰው ደም ግድግዳውን እየነካካ እንዲለጠጥ ያደርገዋል። ለሰዓታት ሲቀመጡ ይህ ሁሉ ይዳከማል። በመሣሪያ ከለካው ከዚያው ጥናት የተገኘ ሌላ ውጤት በ2019 እንዳሳየው፣ ተቀምጦ በመዋል ላይ በተጨመረ እያንዳንዱ ሰዓት የልብና የደም ቧንቧ በሽታ አደጋ በ12 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። አካሄዱ ከፊዚዮሎጂው ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ከሁሉ የከረረው ከዚሁ ከሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ ጓዳ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ። ለብዙ ዓመታት፣ ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ያነሰ የልብ ሕመም እንዳለባቸው ክትትሎች ሲያሳዩ ኖረዋል። ሐኪሞችም «ለልብሽ ነው» እያሉ ያዝዙ ነበር። ከዚያ 16,608 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሲሰጣቸው እውነቱ ተገለበጠ። ሆርሞን የወሰዱት የልብ ሕመማቸው በ29 በመቶ ከፍ አለ፤ በቁጥር ሲቀመጥ በየዓመቱ ከ10,000 ሴቶች ሰባት ተጨማሪ ሕመምተኞች ማለት ነው። የጡት ካንሰርና ስትሮክም ጨመሩ። ሙከራው በሐምሌ 2002 እንዲቆም ተደረገ። ጥቅሙ ሆርሞኑ ከተጀመረበት ዕድሜ ጋር እንደሚለያይ በኋላ ቢታወቅም፣ ዋናው ትምህርት አልተቀየረም፦ ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት ሴቶች ድሮውንም የተሻለ ገቢ፣ ትምህርትና ሕክምና የነበራቸው ናቸው፤ ጤናቸው የመጣው ከእንክብሉ አልነበረም። ታዲያ የእግር ጉዞው ጥናት የወጣው በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው የክትትል ስልት ነው። ያኛው ካሳሳተን ይኸኛው ላለማሳሳቱ ምን ዋስትና አለን?

ሙሉ ዋስትና የለም። ግን ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም። ሆርሞን መውሰድ የኑሮ ደረጃ ምልክት ነበር፤ ወጥ ማማሰልና ወለል መጥረግ የተደላደለች ሴትን ከሌላዋ አይለይም፣ እንዲያውም ገንዘብ ያላት ሠራተኛ ትቀጥራለች። በመሣሪያ ከተለኩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች መሆናቸውም የናጠጡ ነጮች ወግ ነው እንዳይባል ያደርገዋል። የሚከብደው ሌላው ጥርጣሬ ነው፦ የታመመ ሰው ይቀመጣል። ምናልባት ሴቶቹ የታመሙት ስለተቀመጡ ሳይሆን፣ ልባቸው ሳይታወቅ ስለደከመ ይሆናል የተቀመጡት። የለንደኑን ጥናት ያሠሩት ሞሪስ ራሳቸው በዚህ ተፈትነዋል። በ1956 የደንብ ልብስ መዝገብ ሲመረመር የሾፌሮቹ ሱሪ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ በከፊል አውቶቡሱ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የነበረ ነው። (መረጃ ከልብስ ሰፊ መዝገብ የሚወጣበት ሳይንስ ደስ ይለኛል።) የ2023ቱ ተመራማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የልብ ሕመም ያለባቸውን ከመነሻው አስወጥተዋል፤ የእያንዳንዷን ሴት የመንቀሳቀስ አቅምና ስለ ጤናዋ የሰጠችውን ግምትም ስሌት ውስጥ አስገብተዋል። ዝምድናው አልጠፋም። ይሁን እንጂ ስሌት ያልያዘው ድካም ሁልጊዜ ይኖራል።

ስለዚህ በዕጣ የተከፈሉ ሙከራዎች ምን ይላሉ? እዚህ ላይ የእንቅስቃሴ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በ2007 ውጤቱ በወጣ አንድ የአሜሪካ ሙከራ፣ ካረጡ በኋላ ቁጭ ብለው የሚውሉ፣ ክብደታቸውም ደም ግፊታቸውም ከፍ ያለ 464 ሴቶች ለስድስት ወር በተለያየ መጠን እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ትንሹ መጠን በሳምንት ከ75 ደቂቃ በታች ነበር። የልብና የሳንባ ብቃት በዚያ ትንሽ መጠን እንኳ ጨመረ፣ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ የበለጠ። ደም ግፊት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሌላው ይበልጥ ያስቸግራል። ከ70 እስከ 89 ዓመት በሆኑ 1,635 አዛውንቶች ላይ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል የተካሄደው «ላይፍ» የተባለ ሙከራ መራመድ የማቃት አደጋን በ18 በመቶ ሲቀንስ፣ በልብና በደም ቧንቧ ሕመም በኩል ግን ልዩነት አላመጣም። ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሲደርቅ ለኖረ ቧንቧ አጭር ነው ሊባል ይችላል፤ ምክንያቱ ያስኬዳል፣ ግን ማስረጃ አይሆንም። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ 43 በመቶ የሚለው ቁጥር የእንቅስቃሴው ብቻ ውጤት አይደለም፤ ከፊሉ የጤነኞች ጤና ነው። የቀረው ቢያንስም እንኳ ከፊዚዮሎጂው፣ ከብቃት ሙከራውና መሣሪያ ከለካው መጠን ጋር አብሮ ስለሚሄድ ዜሮ ነው ለማለት አይቻልም። ሆርሞን ሲሳሳት የጡት ካንሰር አመጣ። እናት ከወንበሯ ተነስታ ቤት ውስጥ መንቀሳቀሷ ልቧን ባይጠቅም እንኳ ቢያንስ እግሯ አይታሰርም። የስህተቱ ዋጋ እንዲህ ሲራራቅ፣ ማስረጃ እስኪሟላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጥንቃቄ አይባልም።

መጠኑን በተመለከተ ሰውን የሚያሸሹ ቁጥሮች አሉ። «በቀን አሥር ሺህ እርምጃ» የሚለው የተወለደው በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ማስታወቂያ ነው፤ ጥናት አልወለደውም። አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 ሴቶችን የተከታተለው የአይ-ሚን ሊ ቡድን በ2019 እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 እርምጃ አካባቢ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ከ7,500 በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። በአሮጊቶች ላይ ለሚበዛው የልብ ድካም ዓይነት 3,600 እርምጃ እንኳ ከአነስተኛ አደጋ ጋር ተያይዞ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 መመሪያው፣ እንቅስቃሴ ለመቆጠር ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ያልተቋረጠ መሆን አለበት ይል የነበረውን ደንብ አንስቷል። የሳምንቱ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ አሁንም የተሻለው ግብ ነው። ለአንዲት የ70 ዓመት እናት ግን ግቡ ላይ አልደርስም ብላ ሶፋው ላይ ከመቅረት፣ በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት የሚቀልና የሚሆን ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ጀበና በሌለበት አገር የተሠራ ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይነሳል፦ የኢትዮጵያ ሴት መቼ ተቀምጣ ታውቃለች? እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የ«ስቴፕስ» ጥናት በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ኢትዮጵያውያን ከአሥሩ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል፤ በዚያው ጥናት ግን ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። እንቅስቃሴ ብቻውን ቢያድን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። እውነት ነው፤ ጨው፣ ያልታወቀና ያልታከመ ግፊት፣ የማገዶ ጭስ አሉ። በተለይ ጭሱ ሊዘለል አይገባም። መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት እንጀራ የምትጋግር ሴት ሰውነቷ ቢንቀሳቀስም የምትተነፍሰው አየር ራሱ ለልብና ለደም ቧንቧ ጠንቅ ነው። ከእንጦጦ በማገዶ ሸክም ጎብጠው የሚወርዱት እናቶች የሚያደርጉትም እዚያ ጥናት ውስጥ ከተለካው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ጋር አይገናኝም። ሸክም ሌላ ነው፣ መመላለስ ሌላ። እኔ የምሟገተው ለነዚያ ሴቶች ሥራ እንዲጨመርላቸው አይደለም። የእኔ ጉዳይ ከሸክሙ ተርፋ፣ ልጆቿ ተሳክቶላቸው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይም አሜሪካ ልጇ ቤት የገባችው እናት ናት።

እሷ ላይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃ ልታነሳ ስትል «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኛ አለን» እንላለን። ሠራተኛዋም «እማማ ይረፉ» ትላለች። ቡና እንኳ ሌላ ሰው ያፈላላታል። ቡናው በአብዛኛው ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር መሆኑን አልክድም፤ ግን ቄጤማ መጎዝጎዙ፣ ውሃ መቅዳቱ፣ ቆሎ ማቅረቡ፣ ሲኒ ማጠቡና በተለይ ከዚያች ዝቅተኛ በርጩማ መነሳቱ፣ ጭንና ጉልበትን በቀን ሦስቴ የሚያሠሩ ነገሮች ናቸው። ይህን በፍቅር ስንቀማት በምትኩ የምንሰጣት ቴሌቪዥን ነው። ውጭ አገር ስትሄድ ነገሩ ይከፋል። መኪና አትነዳም፣ ጎረቤት የለም፣ ገበያው በመኪና ነው፣ እድሩም ሰንበቴውም የለም፣ ቤተ ክርስቲያን በሳምንት አንዴ ልጅ ሲመቸው ነው። ድሮ በእግሯ ትመላለስባቸው የነበሩ ቦታዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዘጉባታል። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ ከእነርሱ ዘንድ እምብዛም አልነበረም፤ በጥቂት ዓመታት ጊዜ ውስጥ ግን ተስፋፋ። ምግቡም፣ ጭንቀቱም ተለውጧል፣ ሁሉን በመቀመጥ ላይ መለጠፍ ስህተት ነው። ነገር ግን ያ ሕዝብ ከተለወጡበት ነገሮች አንዱ ከእግር ወደ ወንበር መዞሩ እንደሆነ የሚክድ የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሴቶቹ ራሳቸው የሚመጣ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈጭ፣ ስትቀዳ፣ ስትጋግር የኖረች ሴት አሁን «ለልብሽ ጥሩ ነው» ተብላ ወደ ማድ ቤት ልትመለስ ነው? ይህ ጥናት ባሎችና ወንድ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ ሰበብ ከሆናቸው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ነገር ግን መሣሪያዋ የለካችው የሥራውን ዓይነት አይደለም፣ ቆሞ መንቀሳቀስን ነው። ጓሮ ጎመን መትከል፣ ከልጅ ልጅ ጋር ደጅ መመላለስ፣ ለቅሶ ቤት በእግር መሄድ፣ ቆሞ መስገድ፣ ሁሉም ያው ነው። ቁም ነገሩ ምን እንደምትሠራ የምትመርጠው እሷ መሆኗ ላይ ነው። ለባሎች ደግሞ አንድ ዜና አለ፤ ወንበር የሚጎዳው የሴት ልብ ብቻ አይደለም። ጉልበቴን ያመኛል ለምትል እናትም መልሱ ፍጹም ዕረፍት አይደለም፤ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም በተመጠነ እንቅስቃሴና በጡንቻ ማጠንከር ይቀልላል እንጂ በመቀመጥ አይድንም። የመውደቅ ስጋት ግን እውነተኛ ነው። ካረጡ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳ ደረጃ ላይ መደገፊያ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የማያንሸራትት ንጣፍ፣ በቂ መብራት ያስፈልጋሉ። እናትን ከመውደቅ ለመጠበቅ ቤቱን ማስተካከል እንጂ እሷን ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም፤ የተቀመጠ እግር ይደክማል፣ የደከመ እግር ደግሞ ይጥላል።

አንድ ነገር መሳት የለበትም። እንቅስቃሴ የመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ደም ግፊትን ለማውረድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ከዚህ በፊት ትወጣው የነበረውን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ደረቷን ጭምድድ የሚያደርጋት፣ መንጋጋዋን ወይም ጀርባዋን ወጋ የሚያደርጋት፣ ያለ ምክንያት የሚያልባት ሴት የሚያስፈልጋት ሐኪም ነው እንጂ የእግር ጉዞ ምክር አይደለም። በሴቶች ላይ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ እንዲህ በድካምና በማቅለሽለሽ ተሸፋፍኖ ይመጣል። ሐኪሞችም ለአንዲት የ60 ዓመት ሴት «ስፖርት ትሠሪያለሽ?» ከማለት ይልቅ «በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ?» ብለው ቢጠይቁ የሚረባ መልስ ያገኛሉ፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም «የለም» ይላሉና። ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን በዚህ ወር ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደም ግፊቷን አስለኩላት። ከዚያ ወዲያ ተነስታ ሲኒዋን ልታጥብ ስትል ተዉላት፣ ታጥብ።